የትል መድኃኒቱና የሌጦው ገበያ፦ ከመንዝ ግጦሽ እስከ ቦሌ ለሚ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከቀደሙት ተከራዮች መካከል ጆርጅ ሹ የተባለው የታይዋን ጫማ አምራች ይገኝበት ነበር። ለቆዳ ውጤት አምራች የጥሬ ዕቃው ጉዳይ የሚጀምረው ግን ከፋብሪካው በር አይደለም። በጉና ፍየሉ ከሚሰማሩበት መስክ ነው። በዚያ መስክና በፋብሪካው መካከል ገበሬው፣ የመድኃኒት አስመጪው፣ ቸርቻሪው፣ የበግ ነጋዴው፣ ቄራውና የቆዳ ፋብሪካው በተራ ይቆማሉ። ሁሉንም ከሚያገናኙት ነገሮች አንዷ ደግሞ አልቤንዳዞል የተባለችው የትል መድኃኒት ናት።

አልቤንዳዞል በአገሪቱ የእንስሳት መድኃኒት መደብሮች በብዛት ከሚታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በኪኒን፣ በትልቅ ቦለስና በፈሳሽ መልክ ይሸጣል። ገዥው ብዙ ጊዜ በስሙ ጠርቶ ሳይሆን «የትል» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ያለውን አውጥቶ ይሰጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ሥራ አለ፣ ሊሠራ እየቻለ በአሰጣጥ ጉድለት የሚከሽፍበት ሥራ አለ፣ ከናካቴው የማይሠራውም አለ። ሦስቱ ሲምታቱ ገንዘቡ ይወጣል፣ በጉ ግን አይድንም፣ ሌጦውም አይጠራም።

እንደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. ጥናት ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት፣ 43 ሚሊዮን ገደማ በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል አላት። ይህን ያህል እንስሳ ባለበት አገር በአንድ ኪኒን ላይ የሚፈጠር ትንሽ ስሕተት ተደማምሮ ትልቅ ሒሳብ ይሆናል።

ከአንድ ቤተሰብ የወጡ መድኃኒቶች

አልቤንዳዞል ቤንዚሚዳዞል ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ የመጀመሪያ የትል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካው መርክ ኩባንያ ያወጣው ታያቤንዳዞል ነበር። በ1970ዎቹ ሜቤንዳዞል፣ ፌንቤንዳዞልና አልቤንዳዞል ተከተሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስዊዘርላንዱ ሲባ ጋይጊ ለጉበት ትል ብቻ የሚያገለግለውን ትራይክላቤንዳዞል ለገበያ አቀረበ። የነዚህ መድኃኒቶች የባለቤትነት መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በመሆኑም ዱቄቱን በዋናነት የሚያመርቱት የቻይናና የህንድ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ዋጋው ከሌሎች መድኃኒቶች ያነሰበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። በትሉ ሴሎች ውስጥ ምግብ የሚያመላልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ መድኃኒቱ ቱቦዎቹ ከሚሠሩበት ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። ትሉ ስኳር መውሰድ ያቅተውና በረሃብ ይሞታል። መድኃኒቱ ከትሉ ፕሮቲን ጋር የሚጣበቀው ከእንስሳው ይልቅ አጥብቆ ስለሆነ በጉን አይጎዳም። ሆኖም ትሉን የሚገድለው በአንድ ምት ሳይሆን በማስራብ ስለሆነ፣ በቂ መጠን ለበቂ ጊዜ በሆድ ውስጥ መቆየት አለበት። መጠኑ ሲጎድል ትሉ ይዳከማል እንጂ አይሞትም።

ገበሬው የሚታገለው ትል ደግሞ ቀላል ጠላት አይደለም። በሞቃታማና በወይናደጋ አካባቢዎች የሚበዛው ደም መጣጩ የጨጓራ ትል አንዱ ብቻውን በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያስወጣል። 1,000 ትል የተሸከመ በግ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል ማለት ነው። አንዷ እንስት ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 ዕንቁላል ትጥላለች። በጉ ይከሳል፣ ዓይኑ ይነጣል፣ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል። ገበያ ሲወጣ ደላላው በእጁ ጀርባውን ዳብሶ ዋጋውን ይቀንሳል።

አንዲት ቦለስ፣ ሁለት ሒሳብ

ስሕተቱ የሚበዛው በመጠን ላይ ነው። የአልቤንዳዞል መጠን የሚሰላው በእንስሳው ክብደት ነው፤ ክብደት ብቻ ሳይሆን የሚፈለገው ትል ዓይነትም ይለውጠዋል። ለበግ የሆድ ትል በ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ሲሰጥ፣ ለጉበት ትል 7.5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። ለከብት የሆድ ትል 7.5፣ ለጉበት ትል 10 ሚሊ ግራም ነው።

በገበያ ላይ የተለመዱት 300፣ 600 እና 2,500 ሚሊ ግራም የያዙ ኪኒኖችና ቦለሶች ናቸው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ለሆድ ትል 125 ሚሊ ግራም፣ ለጉበት ትል 187.5 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። 300 የምትለው ኪኒን ሁለቱንም ትሸፍናለች። ለሁለት ተከፍላ ለሁለት በጎች ብትሰጥ ግን ለያንዳንዱ 150 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ ይህ የሆድ ትሉን ያሸንፋል፣ ለጉበት ትሉ ግን አይበቃም።

በበሬ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ለሆድ ትል 2,250 ሚሊ ግራም ስለሚበቃው አንዲት ባለ 2,500 ቦለስ ትተርፈዋለች። ለጉበት ትል ግን 3,000 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ገበሬው ያንኑ ቦለስ፣ ለዚያው በሬ፣ በዚያው ዋጋ ገዝቶ በአንዱ በሽታ ሲያተርፍ በሌላው ይከስራል። ሻጩ «አንድ ለአንድ በሬ» ካለው ጉድለቱን የሚያውቅ የለም። ክብደቱ በዓይን ተገምቶ ከቀነሰ ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል።

ፍየል ከነዚህም የተለየች ናት። ጉበቷ መድኃኒቱን ከበግ ፈጥኖ ስለሚያስወግድ በበግ ልክ የተሰጣት መጠን ብዙ ጊዜ ያንሳታል። ፍየልን «ትንሽ በግ» አድርጎ መቁጠር በመድኃኒት ረገድ ዋጋ ያስከፍላል።

እርግዝናም የሚዘነጋ አይደለም። አልቤንዳዞል በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። በአሜሪካ የተመዘገበው የመድኃኒቱ መመሪያ በበግ የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት፣ በላም የመጀመሪያዎቹን 45 ቀናት ይከለክላል። አውራ በጉ ከመንጋው ጋር በተቀላቀለበት ወቅት ሁሉንም ሴቶች በአንድ ቀን ማዋጥ ግልገል ሊያሳጣ ይችላል።

የጉበቱ ኪሳራ

የጉበት ትል በረግረግና በወንዝ ዳር ግጦሽ የሚበዛ፣ በትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፍ ትል ነው። እንስሳው ከሣር ጋር ከዋጠው በኋላ ጉበት ውስጥ አድጎ የሐሞት ቧንቧ ላይ እስኪደርስ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ነጋዴው ማወቅ ያለበት ይህን የጊዜ ጉዳይ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው፤ ገና ጉበቱን እየቆፈረ ያለውን ለጋ ትል አይነካውም። ለለጋው የሚሆነው ትራይክላቤንዳዞል ነው። እሱ በበኩሉ የጨጓራና የአንጀት ትል አይነካም።

ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ከብቱ በረግረጉ ሲሰነብት የተዋጠው ትል በጥቅምት ለጋ ነው፤ በጥር ግን አድጓል። በጥር የተሰጠ አልቤንዳዞል ሥራውን ይሠራል፤ በጥቅምት የተሰጠው ከጉበት ትል አንጻር ብዙም አይጠቅምም። በተቀመጠበት መደርደሪያ ላይ ሁለቱ መድኃኒቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለያቸው ወሩ ነው።

ኪሳራው የሚታየው ቄራ ላይ ነው። መርማሪው ጉበቱን ሲከፍት ቧንቧው ደድሮ ትሉ ካለበት ጉበቱ ተወግዶ ይጣላል። የጉበቱ ዋጋ ከባለቤቱ ኪስ ሲወጣ የሚታይ ነው፤ ከብቱ በሕይወት ሳለ ያጣው ሥጋና ወተት ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለውጭ ገበያ የሚያርዱት የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ በዋናነት ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ለሳዑዲ ዓረቢያ ይልካሉ። እዚህ ላይ የመድኃኒቱ ሌላ ገጽታ ይመጣል፤ ቅሪት። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ በአንድ ኪሎ ሥጋ ውስጥ ከ100 ማይክሮ ግራም በላይ የአልቤንዳዞል ቅሪት እንዳይኖር ይደነግጋል። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት መድኃኒቱን የወሰደ በግ ከ7 ቀን፣ ከብት ከ27 ቀን በፊት አይታረድም። የየአገሩና የየምርቱ መመሪያ ስለሚለያይ ዋናው ማረጋገጫ በዕቃው ላይ የተጻፈው ነው። በገበያ ዋዜማ «ይምር» ተብሎ የተዋጠ በግ ቄራ ከገባ፣ ሻጩ ያገኘው ጥቂት ብር የላኪውን ጭነት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

እከክ ሌላ ነው

ወደ ቦሌ ለሚ የሚያደርሰው የሌጦ ጉዳይ ላይ ትልቁ መምታታት ይታያል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ ስም ያተረፈ ነው፤ የሰላሌ በግና የባቲ ፍየል ሌጦ በነጋዴው ዘንድ በስማቸው ይጠራሉ። ይህን ስም ከሚያበላሹት ቀዳሚው በሱፉ ውስጥ የሚኖሩ ተባዮች የሚያመጡት ጉዳት ነው። ክንፍ የሌለው ደም መጣጭ የበግ ዝንብ፣ ቅማልና በዓይን የማይታዩ የእከክ ተባዮች ቆዳውን ነክሰው ነጠብጣብ ይተዋሉ። በግ ነጋዴው አያየውም፤ ሱፉ ሸፍኖታል። የሚታየው በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሱፉ ከተላጠ በኋላ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

አልቤንዳዞልም ሆነ ሌላው የቤንዚሚዳዞል ቤተሰብ የትል መድኃኒት እነዚህን ተባዮች አይነካም። ከቆዳ ላይ የሚኖረውን የሚመታው ሌላ መድኃኒት ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ወይም በጎቹ የሚነከሩበት እንደ ዳያዚኖን ያለ ፀረ ተባይ። በትል የተዳከመ በግ ለቅማልም ስለሚጋለጥ የትል መድኃኒቱ በተዘዋዋሪ ይረዳ ይሆናል፤ «በጎቹ የትል መድኃኒት ወስደዋል» የሚለው ቃል ግን ለሌጦው ጥራት ዋስትና አይሆንም።

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ በጥሬ ቆዳና ሌጦ ወጪ ንግድ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጥሎ አገር ውስጥ እንዲለፋ አድርጓል። በኋለኞቹ ዓመታት ግን የሌጦ ዋጋ ወድቆ በበዓል ማግስት ሌጦ በየመንደሩ ሲጣል ታይቷል። ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው ለቆዳው ተባይ የሚያወጣው ገንዘብ አይመለስለትም፤ ካላከመ ደግሞ ጥራቱ ይወርዳል፣ ዋጋውም እንደገና ይወድቃል። ገበሬው ዛሬም ገንዘብ የሚያወጣው ለትል መድኃኒቱ ነው፤ ምክንያቱም የትሉ ጥቅም በሥጋው ላይ በራሱ ዓይን ይታየዋል፣ የእከኩ ጥቅም ግን ለሌላ ሰው ነው የሚደርሰው። ለጥሩ ሌጦ የተለየ ዋጋ የሚከፍል ገዥ እስካልመጣ ድረስ ይህ አይለወጥም።

የሐረማያ ትምህርት

መጠን እየጎደለ፣ ያው መድኃኒት እየተደጋገመ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ጥናት በምሥራቅ ኢትዮጵያ የገበሬ መንጋዎችንና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን መንጋ መርምሮ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የፍየል መንጋ ውስጥ የነበሩት ትሎች አልቤንዳዞልን፣ ቴትራሚዞልንና አይቨርሜክቲንን ተላምደው ተገኙ። በአካባቢው ገበሬዎች መንጋ ውስጥ ግን መላመድ አልታየም።

ምክንያቱ በቁጥር የሚገባ ነው። ሁሉም እንስሳ በተደጋጋሚ በሚታከምበት መንጋ ውስጥ የሚተርፈው መድኃኒቱን የቻለው ትል ብቻ ነው፤ የሚራባውም እሱ ነው። ገበሬው ግን ገንዘብ ስለሌለው ከመንጋው ጥቂቱን ብቻ ያክማል፤ መድኃኒት ያልነካው ትል በመስኩ ላይ በብዛት ስለሚኖር የተላመደው ጥቂት ሆኖ ይዋጣል። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ተጠቅመው መድኃኒት ያላየውን ትል ከመስኩ ጋር በማቀላቀል የመድኃኒቱን ኃይል መመለስ ችለዋል።

ለባለሀብቱ ትርጉሙ ግልጽ ነው። አደጋው የሚያሰጋው ደሃውን ገበሬ ሳይሆን በጎች ሰብስቦ ለማድለብ ገንዘብ ያፈሰሰውን፣ ሁሉንም በየወሩ የሚያዋጠውን ዘመናዊ እርባታ ነው።

ጉርድ ሾላና ደብረ ብርሃን

ከቦሌ ለሚ ብዙም ሳይርቅ፣ በጉርድ ሾላ አካባቢ፣ የዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም የአዲስ አበባ ግቢ ይገኛል። ቀድሞ ኢልካ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ማዕከል ከናይሮቢው የእንስሳት በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር በ1994 ተዋሕዶ ነው ኢልሪ የሆነው። ተቋሙ በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን ጣቢያው የመንዝና የሆሮ በጎችን ጎን ለጎን አርብቶ ትልን እንዴት እንደሚቋቋሙ አጥንቷል። በደብረ ብርሃኑ ብርድ የመንዝ ግልገሎች ከሆሮዎቹ ያነሰ የሞት መጠን አሳይተዋል። እናቶች በሚወልዱበት ሰሞን ከእበታቸው ጋር የሚወጣው የትል ዕንቁላል እንደሚጨምርም ታይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር መድኃኒት አንዱ መሣሪያ እንጂ ብቸኛው አለመሆኑ ነው። ለአካባቢው የሚስማማ ዝርያ፣ ረግረግን መከለል፣ የወሊድ ሰሞንን ማወቅ የቦለሱን ቁጥር ይቀንሳሉ። በመንዝና በሌሎች አካባቢዎች በኋላ የተካሄደው የማኅበረሰብ አቀፍ የትል ቁጥጥር ሥራም አንድ መንደር በጋራ ግጦሽ ላይ ያሉትን በጎች በተመረጠ ወቅት በአንድነት እንዲያክም የሚያደርግ ነው። አንዱ አክሞ ጎረቤቱ ካላከመ በጋራው ሣር ላይ ትሉ ተመልሶ ይመጣልና።

ወሬ ገበያ ሲያንቀሳቅስ

የአልቤንዳዞል የቅርብ ዘመድ የሆነው ፌንቤንዳዞል ለከብት፣ ለውሻና ለዶሮ የሚሰጥ፣ በላቦራቶሪ አይጦች መኖ ውስጥም የሚቀላቀል መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት መድኃኒቱ ተጨማሪ ቫይታሚን ካለበት መኖ ጋር ሲሰጥ በአይጦች ላይ የዕጢ እድገት መቀነሱን፣ ለብቻው ሲሰጥ ግን ይህ አለመታየቱን ገልጿል። በ2019 አንድ አሜሪካዊ በውሻ የትል መድኃኒት ከካንሰር ድኛለሁ ማለቱ በቪዲዮ ሲሰራጭ በደቡብ ኮሪያ መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ሚኒስቴርም በሰው ላይ ያልተረጋገጠ መሆኑን አስታውቆ አስጠነቀቀ። የእንስሳት መድኃኒት ለሰው አይሸጥም፤ በወሬ የወጣ ፍላጎትም በወሬ ይወርዳል፣ ክምችቱ ከነጋዴው ጋር ይቀራል።

ማስመጣት ወይስ ማምረት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባው ቦለስ ዋጋም ይህንኑ ተከትሎ ይወጣል። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው የሚያደርገው ኪኒኑን መክፈል ነው፤ መጠኑ ይጎድላል፣ መላመዱ ይመጣል። የምንዛሪው ጉዳይ በዚህ መንገድ ከበጉ ሆድ ይደርሳል።

አገር ውስጥ ማምረት መፍትሔ ይመስላል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀው 250 ሚሊዮን ዶላር ለቦሌ ለሚ ሁለተኛ ምዕራፍና ለመድኃኒት ኢንዱስትሪ ለታሰበው ለቂሊንጦ ፓርክ ነበር። ይሁንና ኪኒን መጭመቅና ማሸግ እዚህ ቢሠራም ዱቄቱ ከቻይናና ከህንድ እስከመጣ ድረስ የዶላሩ ጥያቄ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የአገር ውስጥ አምራች ትርፉን የሚያገኘው በርካሽነት ብቻ ሳይሆን ውጭ ያለው አምራች በማያስበው ነገር ነው፤ ለ25 ኪሎ በግና ለ300 ኪሎ በሬ የሚመጥን ኪኒን፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መመሪያ፣ ወሩን የሚያሳይ ማሸጊያ።

የእንስሳት መድኃኒት ምዝገባና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ተቋቁሞለት የነበረ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ገዥ በምዝገባ ያልተረጋገጠ፣ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ ዕቃ ሲገጥመው ርካሽ መስሎት ቢወስድ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ኃይሉ የጎደለ መድኃኒት ከጎደለ መጠን አይለይም።

በአጭሩ፣ ጅምላ ከመግዛቱ በፊት ነጋዴው አራት ነገር ይጠይቃል፦ ለየትኛው ትል ነው፣ ለስንት ኪሎ እንስሳ ነው፣ በየትኛው ወር ነው፣ ከታረደ በፊት ስንት ቀን ይቆያል። ሌጦ ገዥው ደግሞ አምስተኛ ይጨምራል፦ በጉ ከትሉ ሌላ ለእከኩ ምን ታከመ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ ለሚመጣ ሌጦ የተሻለ ዋጋ የሚከፈልበት ቀን፣ ከቦሌ ለሚ የሚወጣው ጫማና ጓንት ጥራቱን ከመስኩ ይዞ ይመጣል።